ማታ የሚብስ እግር

አንድ አዲስ ሬዚደንት ሰሞኑን «የጂን ምርመራው ውጤት ሳይደርስ ለምን መድኃኒት እንጀምራለን?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አቋሜ ግን አይለወጥም፦ መንስኤው ያልታወቀ ዲስቶኒያ (ጡንቻ ያለ ፈቃድ የሚጠመዘዝበት ሕመም) ያለበት ልጅ ሌቮዶፓ ሳይሞከርለት መቅረት የለበትም።

ምክንያቴ የሴጋዋ በሽታ ከተባለው የዲስቶኒያ ዓይነት ኬሚስትሪ ይነሳል። ጃፓናዊው ሐኪም ማሳያ ሴጋዋ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንደገለጹት፣ ጠዋት ደህና የሚራመድ ልጅ ሲመሽ እግሩ ይጠመዘዛል፤ እንቅልፍ ሲያገኝ ይሻለዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ጥፋቱ ጂሲኤች1 ከተባለ ጂን እንደሆነ ታወቀ። ይህ ጂን የሚያዘው ኢንዛይም ቴትራሃይድሮባዮፕተሪን የሚመረትበትን የመጀመሪያ እርምጃ ያከናውናል። ቴትራሃይድሮባዮፕተሪን ሲያንስ ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ የተባለው ኢንዛይም ታይሮሲንን በበቂ መጠን ወደ ሌቮዶፓ መለወጥ ያቅተዋል፤ ዶፓሚንም ይጎድላል። ነርቮቹ ግን እንደ ፓርኪንሰን አልሞቱም። ኩራዙ ደህና ነው፤ ያጠረው ላምባው ነው። ሌቮዶፓን በአፍ ስንሰጥ የተሰናከለውን እርምጃ እናልፈዋለን። ትንሽ መጠን የሚበቃውና ለብዙ ዓመታት ኃይሉን የማያጣው ለዚህ ነው።

«ጂኑ ይቅደም» የሚሉ ባልደረቦቼን አከብራቸዋለሁ፤ አልስማማም እንጂ። የተለመደው የጂን ንባብ ከጂኑ ላይ ተቆርጦ የጠፋ ትልቅ ክፍል ሊያመልጠው ይችላል። የተበላሸውን ጂን ተሸክመው ምልክት የማያሳዩ ወላጆችም ስላሉ «በቤተሰባችን የለም» የሚለው መልስ አያሳርፍም። በሌላ በኩል፣ በወጣትነት የሚጀምር ፓርኪንሰንም ለሌቮዶፓ መልስ ስለሚሰጥ የጂን ምርመራው መቅረት የለበትም። እኔ የምቃወመው ልጁ ውጤት እየጠበቀ ያለ መድኃኒት መክረሙን ነው። ሙከራው ከአነስተኛ መጠን ይጀምር፤ ቀስ እያለ ይጨመር፤ ቢያንስ አንድ ወር ይሰጠው።

ሴሬብራል ፓልሲ ተብላ ለዓመታት የተመላለሰች ልጅ አስታውሳለሁ። እናቷ «ጠዋት እኮ ትሮጣለች» ስትል ኖራለች፤ ካርዷ ላይ ግን ማንም አልጻፈውም። መድኃኒቱን በጀመረች በቀናት ውስጥ ማታም በእግሯ ሄደች። በመጽሐፍ የተማርኩት የኢንዛይም ሰንሰለት በአንዲት ልጅ እርምጃ ላይ ሲታይ ማየት፣ ይህን ሙያ የመረጥኩበትን ምክንያት ሁልጊዜ ያድስልኛል። ከዚያ ወዲህ የእናትን ቃል ከምስል ምርመራ አላሳንስም።

ባልደረቦቼ፣ እግሩ የሚጠመዘዝ ልጅ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ «ጠዋትና ማታ ልዩነት አለው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ካርዱ ላይ ጻፉት። ልዩነት የለም ቢሏችሁም እንኳ ሌቮዶፓውን ሞክሩለት።