እንስራው ሙዚየም ገባ፤ ሠሪዋስ?

ሂስ ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የሚታየን ልብ ወለድ ነው፤ ቢበዛ ግጥምና ቴአትር። እኔ ዛሬ ለሂስ የማቀርበው ግን ገጽ የሌለውን ነገር ነው፤ ሸክላን። ይበልጡን ደግሞ ሸክላ የሚሰበስቡትን ሰዎችና ተቋሞች። «መሰብሰብ ምን ሂስ ያስፈልገዋል? ገንዘብ ያለው ይገዛል፣ ቦታ ያለው ይደረድራል» የሚለኝ አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይመስለኝም። ሰብሳቢ ከገበያ ላይ አንዱን ማሰሮ አንስቶ ሌላውን ሲተው ፍርድ ሰጥቷል። ያነሳውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ አጠገቡ ብጣሽ ወረቀት ሲለጥፍ ደግሞ ሂሱን ጻፈ ማለት ነው። ስለዚህ ያቺን ብጣሽ ወረቀት እስቲ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ እናንብባት።

«እንስራ። ጋሞ። ሸክላ።» አለቀ። በየባህል ማሳያ ክፍሉ የምናገኘው ከዚህ ብዙም አይርቅም። የዕቃው ስም አለ፣ የሕዝቡ ስም አለ፣ የአፈሩ ስም አለ። ማን ሠራው? የለም። መቼ? የለም። በስንት ተገዛ? የለም። እዚያው ቤት ግድግዳ ላይ ሥዕል የተሰቀለ እንደሆነ ግን የሠዓሊው ስም ከነዓመተ ምህረቱ ተጽፎለታል። ሥዕሉን ሰው ሠራው፤ እንስራውን «ጋሞ» ሠራው። ለመሆኑ «ጋሞ» የሚባል እጅ አለ? ሕዝብ በጅምላ ተሰብስቦ ጭቃ አያቦካም። ያንን እንስራ የሠራችው አንዲት ሴት ናት፤ እናት አላት፣ መንደር አላት፣ ስም አላት።

«ዕቃ እኮ ነው! ኪነ ጥበብ አይደለም» ይባላል። ለዚህ ሁለት መልስ አለኝ።

አንደኛው ከአሠራሩ ነው። የጋሞ ሸክላ ሠሪ የሚሽከረከር መሥሪያ የላትም። ጭቃውን በእጇ ታቆመዋለች፣ ሆዱን ታሰፋዋለች፣ አንገቱን ትሰበስበዋለች፣ ሲደርቅም በገላጣ ቦታ በእንጨትና በሣር እሳት ትተኩሰዋለች። ሆዱ የሚሰፋው ብዙ ውሃ እንዲይዝ፣ አንገቱ የሚጠበው ዳገት ሲወጣ ውሃው እንዳይፈስ ነው። ክፍል ውስጥ «ቅርጽና ይዘት አይነጣጠሉም» እያልን የምንከራከርበት ነገር እዚህ በሰው ጀርባ ላይ ታዝሎ ይሄዳል። ገበያ የወጣች እናትም ዝም ብላ አትገዛም። በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ታዳምጣለች፤ የተሰነጠቀ ዕቃ ድምፁ ይለያልና። አፉን ትዳስሳለች፣ ታዞረዋለች፣ ካልጣማት ትመልሰዋለች። ሂስ ማለት ይሄ ካልሆነ ምንድን ነው?

ሁለተኛው መልስ ከማሰሮው ሆድ ይገኛል። ጆን አርተር የተባለ አሜሪካዊ የአርኪዮሎጂ ሊቅ በጋሞ መንደሮች ተቀምጦ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ2006 በመጽሐፍ አሳትሟል። ካሳያቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ የእህል ጠላ የሚብላላበት ማሰሮ ውስጡ በኮምጣጣው እየተበላ ይቦረቦራል። ጠላ ለመጥመቅ ደግሞ ትርፍ እህል ያስፈልጋል፤ ትርፍ እህል ያለው ደህና ኑሮ ያለው ቤት ነው። ስለዚህ የተቦረቦረው ማሰሮ የኖረበትን ቤት ሀብት ይናገራል። እንግዲህ ይህን ይዘን የሰብሳቢዎችን ልማድ እንመልከት። ዓይናቸው የሚያርፈው አዲሱ፣ ለስላሳው፣ ጥቀርሻ ያልነካው ላይ ነው። ያገለገለ ከመጣም ታጥቦና ተወልውሎ ነው የሚቆመው። ልብ ወለድ ገዝቶ አንድም ገጽ ሳይገልጡ ሽፋኑን መስታወት ውስጥ እንደማኖር ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሠሪዋ ስም የቀረው በመርሳት ነው? አይመስለኝም። በጋሞ ጥንታዊ ሥርዓት ሰው ሁሉ እኩል አልነበረም። ማላ የሚባለው መሬት ያለውና በጉባኤ የሚናገረው ነው፤ ማና ሸክላ ሠሪው፤ ደጋላ ደግሞ ቆዳ ፋቂውና ቀጥቃጩ። ዝርዝሩ እንደየአካባቢው ቢለያይም ማና ከማላ ጋር አይጋባም ነበር፤ የመሬት ባለቤትም አይሆንም ነበር፤ መቃብሩ እንኳ ለብቻ ነበር። ይህ የጋሞ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። ሰሜኑም ሸክላ ሠሪንና ቀጥቃጭን «ቡዳ» ሲል ኖሯል። አማርኛችን ራሱ ምስክር ነው፤ «ጥበብ» ብሎ ያከበረውን «ጠይብ» ሲል ስድብ አደረገው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም በገዛ ጉልበቱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሁሉ መሬት እንዲያገኝ ደንግጓል። አዋጅ ግን ወረቀት ላይ ፈጣን፣ ልብ ውስጥ ቀርፋፋ ነው። «ሸክላ ሠሪ ከደጅ ትሸጣለች እንጂ ከቤት አትገባም» ሲባል ሳይሰማ ያደገ ከመካከላችን ስንቱ ነው? ማሰሮዋ ግን ምድጃ ድረስ ይገባል! ከማሰሮዋ እንበላለን፣ ከእንስራዋ እንጠጣለን፣ እሷን ደጅ እናቆማለን። ስም የሌላት ያቺ ብጣሽ ወረቀትም የምታደርገው ይህንኑ ነው። ዕቃውን አስገብታ ሠሪዋን ደጅ ታስቀራለች።

ይህ የት እንደሚያደርስ ለማየት ከጋሞ ራቅ ብለን ጎንደር አጠገብ ያለችውን ወለቃን እናንሳ፤ የሸክላ ምስል ለሰብሳቢ ሲሸጥ በአገራችን ስሟ የታወቀው መንደር እሷ ናትና። የቤተ እስራኤል ሴቶች ከማሰሮና ከጀበና ጎን ትናንሽ ምስሎች ይሠሩ ነበር፤ አንበሳ፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ። ገዢው ቱሪስቱ ነበር፤ በተለይም ከውጭ የሚመጣው አይሁዳዊ። በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። ሠሪዎቹ ሄዱ፣ ምስሎቹ በየአገሩ ተበትነው ቀሩ። በብዙዎቹ ላይ የተጻፈው «ፈላሻ» የሚል ነው፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው የማይወዱት ስም። «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜው ሴትየዋ ወለቃ መንገድ ዳር ተቀምጣ ስትሸጥ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው። የጋሞ ሸክላ ሠሪዎች ግን ዛሬም አሉ፤ ገበያ ወርደን ልንጠይቃቸው እንችላለን።

ሌላም ክርክር አለ፦ «ስም መጻፍ የፈረንጅ ልማድ ነው፤ የኛ ሸክላ የወል ሀብት ነው» የሚል። ጥሩ። አርቲስት ማሞ ተሰማ ነቀምት ተወልደው፣ አሜሪካን አገር አልፍሬድ ዩኒቨርሲቲ ሴራሚክ አጥንተው፣ በኋላም የብሔራዊ ሙዚየም ኃላፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ሥራቸው ከነስማቸው ይታወቃል፤ ይገባቸዋልም። ታዲያ እሳቸው የያዙት አፈርና የጨንቻ ሴት የምትይዘው አፈር ምን ለያቸው? ያው አፈር ነው፤ ያው እሳት ነው። «ሴራሚክ» ሲባል ስም ይጻፍለታል፤ «ሸክላ» ሲባል የወል ሀብት ይሆናል። የወል የሆነው ሠሪዋ የተናቀችበት ብቻ መሆኑ ለምን ይሆን?

የናይጄሪያን ነገር ደግሞ እንይ። ማይክል ካርዲው የሚባል እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ፣ በቅኝ ገዢው መንግሥት ተቀጥሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አቡጃ ላይ የሸክላ ማሠልጠኛ ከፈተ። በአቡጃው ኤሚር ቤት የአንዲት የገጠር ሴት እንስራዎች አይቶ ተደንቆ ነበር። ያቺ ሴት እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ ማሠልጠኛው ገባች፤ ላዲ ክዋሊ ትባላለች። ስሟን ያስጠሩት እንስራዎች እንደ ጋሞዎቹ በእጅ የቆሙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1977 አህመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት፤ ምስሏም በ20 ናይራ ኖት ላይ ታትሟል። ኬንያ የተወለደችው ማግዳሌን ኦዱንዶም በ1970ዎቹ እንግሊዝ አገር እየተማረች ሳለ አቡጃ ድረስ ሄዳ ከእነዚያ ሴቶች ተምራለች፤ ዛሬ ሥራዎቿ በእንግሊዝ ሙዚየሞች ከነስሟ ይታያሉ። የቅኝ ገዢ ተቀጣሪ ያወቀውን የሠሪ ስም፣ እኛ ቅኝ አልተገዛንም እያልን የምንኮራው በገዛ ቀያችን ሳናውቀው መኖራችን አያሳፍርም?

አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ። ሴትየዋ ስሟ እንዲጻፍ ትፈልጋለች ወይ? ልጇ ምናልባት ከኛ ጋር አንድ ዶርም ያድር ይሆናል። የእናቱን ሙያ ሲጠይቁት «ነጋዴ ናት» ብሎ የሚያልፍ ተማሪ እንዳለ እናውቃለን። ንቀቱ ባለበት አገር ስም መጻፍ ጣት መቀሰርም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ እሷን መጠየቅ ነው። እምቢ ካለች «ስሟ እንዲጻፍ ያልፈቀደች የጨንቻ ሴት» ተብሎ ይጻፍ። ይህም ቢሆን «ጋሞ» ከሚለው ይሻላል፤ ቢያንስ የጠየቃትና መልሷን የሰማ ሰው እንዳለ ይናገራል።

እኛ ተማሪዎች ሙዚየም የለንም፤ ደብተር ግን አለን። ሴቻም ሆነ ሲቀላ ገበያ ስንወርድ፣ ለእረፍትም ወደየቤታችን ስንሄድ፣ አንድ ማሰሮ በገዛን ቁጥር እነዚህን እንመዝግብ፦ ስሟን፣ መንደሯን፣ ማን እንዳስተማራት፣ አፈሩን ከየት እንደቆፈረች፣ ዕቃው ለምን እንደሚሆን፣ በስንት እንደገዛነው፣ ቀኑን። ያገለገለ ማሰሮ ካገኘን ውስጡን አንፈግፍገው። ዋጋ ስንከራከርም የምንከራከረው በአንድ ሰው የሳምንት ጉልበት መሆኑን እናስብ። ይህን ያህል የተጻፈባቸው 10 ማሰሮዎች፣ ምንም ካልተጻፈባቸው 1,000 ማሰሮዎች የበለጠ ስብስብ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

«ይህ ፖለቲካ እንጂ ሂስ አይደለም» የሚል ካለ የሚቀጥለው እትም ክፍት ነው፤ ይጻፍ። ብቻ ሲጽፍ ከስሩ ስሙን ማስፈር እንዳይረሳ!