ቅዱስ ይሁዳ ስለ ጠቀሰው የሄኖክ ቃል፥ በኢንተርኔትም ስለሚታዩት ብራናዎች የቀረበ ሐተታ

የይሁዳ መልእክት 25 ቍጥር ብቻ ናት፤ ነገር ግን በ14ኛውና በ15ኛው ቍጥር ከአዳም ሰባተኛ የሆነውን ሄኖክን በስሙ ጠርታ ምስክር ታቆማለች። የአውሮፓ ተርጓሚዎች፥ ሐዋርያ ከቀኖና ውጭ ያለውን መጽሐፍ ስለ ምን ጠቀሰ እያሉ ብዙ ደክመዋል። ለእኛ ሄኖክ ከ81ዱ አንዱ ነውና ይህ አያስጨንቀንም። የእኛ ጥያቄ፥ ሁለቱ ንባቦች ጎን ለጎን ሲታዩ ይስማማሉን የሚል ነው።

በሄኖክ ምዕራፍ 1 ቍጥር 9 ግእዙ፥ ጌታ ከእልፍ ቅዱሳን ጋር መጥቶ የሚፈርደው «ላዕሌሆሙ» ነው ይላል፤ ይሁዳ ግን በሁሉ ላይ ይላል። እንግዲህ «ላዕሌሆሙ» ያለውን በአጠገቡ ወዳለው ስም የሚመልስ አንባቢ፥ ፍርዱ በቅዱሳኑ ላይ ነው ወደ ማለት ይደርሳል፤ ይህም ቀላል ስሕተት አይደለም። በግብፅ በአክሚም የተገኘው የጽርእ ሄኖክ ከይሁዳ ጋር ተስማምቶ በሁሉ ላይ ይላልና፥ የግእዙን ቃል ከኋላው ለሚጠሩት ለረሲዓን መስጠት ይገባል። አንድም ጥንት «ኵሉ» የነበረውን ጸሓፊ ለውጦት ይሆናል፤ ይህ ግን ብራና ከብራና ሳይተያይ አይቈረጥም።

ማስተያየቱ ድሮ አገር ማቋረጥን ይጠይቅ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1773 ጄምስ ብሩስ 3 የሄኖክ ቅጂ ወደ አውሮፓ ወስዶ ነበር፤ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ያሳተመው ግን በ1821 ነው። ከ1973 ጀምሮ ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ በማይክሮፊልም የተነሡት ብራናዎች ግን ዛሬ ብዙዎቹ በሚኒሶታ ባለው በሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ፥ ተመዝግቦ ለገባ ሰው ያለ ዋጋ ይታያሉ። በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የደከሙበት ዝርዝር ባይኖር ኖሮ፥ በዚያ ሁሉ ብራና መካከል መንገድ የሚያገኝ ባልተገኘም ነበር።

ሆኖም ነቀፌታ አለን። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ መጽሐፉን በቃሉ የሚያውቀው መሪጌታ በደጅ ይቀራል። የማይክሮፊልሙ ምስል ጥቁርና ነጭ ነውና ቀዩ ቀለም ደብዝዞ ይታያል፤ አርእስቱንና ቅዱሳት ስሞችን በቀይ የለየ ጸሓፊ ድካሙ ጠፋበት። ከዚህ የሚከፋው ግን፥ ግእዙን በፊደል ለቅሞ ከየትኛው ብራና እንደ ቀዳው ሳይናገር የሚያወጣ ገጽ ነው። ምስል ቢደበዝዝም ምስክር ነው፤ ምንጩ ያልታወቀ ንባብ ግን ስሕተቱ እንኳ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም።

በኮዬ ፈጬ በኮንዶሚኒየሙ ለሰፈረው ወጣት የትርጓሜ ጉባኤ ቤት ሩቅ ነው፥ ስልኩ ግን በእጁ ነው። ስለዚህ መምህራን ስልኩን ከመከልከል ይልቅ ይጠይቁበት። ይሁዳን አንብቦ ሄኖክን ከስልኩ ጠቅሶ የሚመጣ ደቀ መዝሙር፥ ንባቡ ከየትኛው ብራና እንደ ሆነ አስቀድሞ ይናገር፤ ካላወቀ የብራናውን ምስል ይክፈትና «ላዕሌሆሙ» የሚለውን በጣቱ ያሳይ፤ ትርጓሜው ከዚያ በኋላ ይቀጥላል።