“ተንሳፈፈ” ወይስ “ዋለለ”? ስለ አንድ የግስ ምርጫ

በልብ ወለድ ትርጉሞቻችን አንድ ልማድ ይታየኛል፤ ሳይሰጥምና ሳይቀዝፍ የሚሄድ ነገር ሁሉ “ተንሳፈፈ” ይባላል። ግሱ ግን ስለ ጉዞ የሚነግረን ነገር የለም። ጠጅ ሲጣል ከላይ የሚቀረው “ሰፈፍ” የዚሁ ግስ ዘመድ ነው፤ ሰፈፍም ከላይ ይቀራል እንጂ የትም አይሄድም።

ልዩነቱን ለማሳየት የደቡብ ወሎውን ሐይቅ ልጥቀስ። ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። በላዩ የወደቀ ቄጤማ ነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲለው “ዋለለ” እንላለን፤ ነፋሱ ጸጥ ሲል “ተንሳፈፈ” ይበቃዋል። ገባሩ ወንዝ ላይ የወደቀ እንደሆነ ግን “ውሃ ወሰደው” ነው፤ አቅጣጫም ወሳጅም አለ።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ከቀዬው ስለ ተፈናቀለ ገጸ ባሕርይ “ሕይወቱ ተንሳፈፈ” ብንል አለመስጠሙን ብቻ ተናገርን። “ልቡ ዋለለ” ውሳኔ ማጣቱን፣ “ተንከራተተ” እንግልቱን፣ “ጎርፍ ወሰደው” ደግሞ ያፈናቀለውን ኃይል ያሳያል። በእኔ እምነት ተርጓሚው ግሱን ከመምረጡ በፊት “ማን ወሰደው?” ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ወሳጁ እየታወቀ “ተንሳፈፈ” ማለት አድራጊውን መሸሸግ ነው።