ለእንግዳ የማይናገር፣ ከባለቤቱ የማይደብቅ

ላፕቶፑ ላይ ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ የጫነ ዴቨሎፐር ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ይህን መልዕክት ያየዋል፦ «ለተጠቃሚ አበበ የፓስወርድ ማረጋገጫ አልተሳካም»። ከዚህ በላይ ምንም የለም። አበበ የሚባል ተጠቃሚ ጭራሽ አልተፈጠረም? ፓስወርዱ ተሳስቷል? የአገልግሎት ጊዜው አልፎበታል? መልሱ ለሁሉም ያው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይናደዳል፤ ግዴለሽ ሰው የጻፈው ይመስለዋል። እኔ ግን ከፖስትግሬስ ሥራ ሁሉ ይህችን ደረቅ መልዕክት አብልጬ አደንቃታለሁ።

ለምን እንደሆነ የሚገባችሁ የሰርቨሩን ሎግ ስትከፍቱ ነው። ስለዚያው ሙከራ እዚያ የተጻፈው ሌላ ነው፦ አበበ የሚባል ሮል (ተጠቃሚ) የለም፤ ጥያቄው የተስተናገደው፣ ማን በምን ዘዴ እንደሚገባ በሚወስነው በፒጂ ኤችቢኤ ፋይል፣ በዚህ ቁጥር መስመር ነው ይልና መስመሩን ራሱን ቃል በቃል ይገለብጠዋል። ፓስወርዱ ጊዜው አልፎበት ከሆነም ይጽፈዋል። ጥሩ ዘበኛ በር ላይ ለቆመ እንግዳ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ አይኖርም» አይልም፤ ማን መጥቶ እንደነበር ለባለቤቱ ግን አንድም ሳያስቀር ይናገራል። በግል ኮምፒውተር ላይ ነገሩ ግራ የሚያጋባው እንግዳውም ባለቤቱም እኛው ስለሆንን ነው።

ጥንቃቄው መልዕክቱ ላይ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ቨርዥን 10 ስክራም የሚባለውን የማረጋገጫ ዘዴ ይዞ መጣ። በዚህ ዘዴ ፓስወርዱ በኔትወርክ ላይ አይላክም። ሰርቨሩ ሶልት የሚባሉ የዘፈቀደ ባይቶችንና ስሌቱ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም (እንደተለመደው 4096) ይልካል፤ የደንበኛው ፕሮግራም በዚያ አስልቶ ማስረጃውን ይመልሳል። ታዲያ ለሌለ ተጠቃሚ ሶልት ከየት ይምጣ? ሰርቨሩ ወዲያው «የለም» ቢል ምስጢሩ ወጣ። በየሙከራው አዲስ ሶልት ቢፈጥርም ያው ነው፤ የእውነተኛ ተጠቃሚ ሶልት ፓስወርዱ እስኪቀየር ድረስ ስለማይለወጥ፣ ሁለቴ የሞከረ ሰው ልዩነቱን አይቶ ይነቃል። ሠሪዎቹ ይህንንም አስበውበታል። ዳታቤዙ መጀመሪያ ሲቋቋም 32 ባይት ምስጢር ይቀመጣል፤ የሌለ ስም ሲጠራ ሰርቨሩ ስሙንና ምስጢሩን በሃሽ ቀላቅሎ የውሸት ሶልት ያወጣል። ለዚያ ስም ሁልጊዜ ያው ሶልት ይወጣል። ከዚያ እንደሚከለክል እያወቀ ልውውጡን እንደ ወጉ እስከ መጨረሻው ያካሂዳል። ማንም ለማያየው ነገር ይህን ያህል መጨነቅ ነው ጥሩ ሙያ የምለው።

ፒጂ ኤችቢኤ ፋይልም የራሱ ሥርዓት አለው። ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ መጀመሪያ የገጠመው መስመር ይወስናል፤ እዚያ የወደቀ ሰው በሚቀጥለው መስመር ዕድሉን አይሞክርም። ስለዚህ አዲስ መስመር ከታች ጨምሮ «ምነው አልሠራ አለ?» ማለት ድካም ነው። ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ፒር የሚባለው ዘዴ ፓስወርድ የሚባል ነገር አይጠይቅም፤ የመጣው ሰው ማን እንደሆነ የሚጠይቀው ከርነሉን ነው። በዚህ በኩል ለተከለከለ ሰው ፓስወርድ ሲቀያይሩ መዋል ምንም አይፈይድም።

እንከን አውጣ ብባል አንድ አለኝ፦ መልዕክቱ «ሎጉን ተመልከት» ቢል ምን ነበረበት? ይህች ቃል ስለጠፋች ነው ብዙው ሰው ዘዴውን ምንም ሳይጠይቅ ወደሚያስገባው ትረስት ቀይሮ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ በዚያው የሚረሳው።

ሎጉ ሩቅ አይደለም። ኡቡንቱ ላይ ቫር ሎግ ሥር ፖስትግሬስኪውኤል በሚለው ፎልደር ውስጥ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ዳታ በሚለው ፎልደር ውስጥ ሎግ የሚል ታገኛላችሁ። ሁሉንም ነቅላችሁ እንደ አዲስ ከመጫናችሁ በፊት እባካችሁ የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቡ።