አልቦ፣ ባዶ፣ ዜሮ

ጃፓን ውስጥ የአየር ትንበያ አንባቢው «የዝናብ ዕድል 0 በመቶ» የሚለው ላይ ሲደርስ «ዜሮ» አይልም፤ «ሬይ» ይላል። የትንበያው ቁጥር በአሥር በአሥር ስለሚጠጋጋ ከ5 በመቶ በታች የሆነው ሁሉ 0 ሆኖ ይጻፋል። «ዜሮ» ጭራሽ የለም ማለት ነው፤ «ሬይ» ግን ለጥቂት ጠብታ በር ይተዋል። የሚጻፍበት ምልክት ራሱ ከላዩ ላይ ዝናብ አለው፤ ከጥንት ትርጉሞቹም አንዱ ካፊያ ነው።

ይህን ያነሳሁት እኛ ዘንድ ስለ ዜሮ የሚደረገው ክርክር ድርቅ ያለ ስለሚመስለኝ ነው። አንዱ ወገን «ግእዝ ዜሮ የለውም» ብሎ የኋላ ቀርነት ምስክር ያደርገዋል፤ ሌላው አባቶች ዜሮን ያውቁ እንደነበርና እንደተሰወረብን ይናገራል። ሁለቱም የቁጥሩን ሥራ አላዩም። ከግሪክ ፊደላት የተወረሱት የግእዝ አኃዞች ሃያ ናቸው፤ ከ፩ እስከ ፲፣ ከ፳ እስከ ፺፣ ከዚያም ፻ እና ፼። አሥሩም መቶውም የየራሱ ምልክት ስላለው ቦታ የሚጠብቅ ባዶ አያስፈልገውም። የቡሬ በርበሬ ነጋዴ 2000 ብሎ ሲጽፍ አራት ምልክት ያወጣል፤ መሪጌታው ግን ፳፻ ብሎ በሁለት ይጨርሳል። ለማባዛትና ለማካፈል የነጋዴው አጻጻፍ እንደሚሻል አይካድም፤ ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ በ628 እ.ኤ.አ. የዜሮን የስሌት ሕግ መጻፉ ዓለምን የለወጠው በዚህ ነው።

ይሁንና ምልክት የለም ማለት ሐሳቡ የለም ማለት አይደለም። በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫውን ስሌት፣ የተማረ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። የ2006 ዓ.ም.ን እንቁጠር። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7506 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 1 ይቀራል፤ ከዚያ ላይ አንድ ሲነሳ የሚገኘው ወንበር አልቦ፣ በግእዝ «የለም»፣ ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ የሚገኘው አበቅቴም አልቦ ይሆናል። በ19 ተባዝቶ የሚገኘው መጥቅዕም በስሌቱ መሠረት አልቦ ሊሆን ይገባው ነበር። ሊቃውንቱ ግን 30 ይሉታል። መጥቅዕ የቀን ቁጥር ነው፤ ከመስከረም 1 በፊት «መስከረም አልቦ» የሚባል ቀን የለም። አበቅቴና መጥቅዕም ምን ጊዜም ተደምረው 30 መምጣት አለባቸው። ስለዚህ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 30፣ ሐሙስ ዋለ፤ የሐሙስ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር፣ 3 ሲጨመርበት 33 ሆነ፤ 30 ሲገደፍ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ፤ ትንሣኤም ሚያዝያ 12 ተከበረ። ያ ሁሉ በዓል የተንጠለጠለው ከአንድ አልቦ ላይ ነበር።

አካሄዱ ወጥ ነው። ዓመተ ዓለም ለ4 ተካፍሎ 1 ቢቀር ማቴዎስ፣ 2 ቢቀር ማርቆስ፣ 3 ቢቀር ሉቃስ፤ ምንም ባይቀር ዮሐንስ። ቀሪ ማጣት ወንጌላዊ ተሰጥቶታል። በሮምም መነኩሴው ዲዮናስዮስ በ525 እ.ኤ.አ. የፋሲካ ሠንጠረዡን ሲያዘጋጅ የአበቅቴውን ባዶ ስፍራ «የለም» በሚል የላቲን ቃል እንጂ በምልክት አልሞላውም። ምንጩ አንድ ነውና፦ የእስክንድርያ ሒሳብ።

ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ገበሬው ቤት ስንገባ ቃሉ ይለወጣል። «ባዶ» ቁጥር ሳይሆን ነውር ነው። ባዶ እጅ ለቅሶ ቤት አይገባም፤ መንገደኛ ጠዋት ባዶ እንስራ ከተሸከመች ሴት ጋር ቢገናኝ ገዱ ተሰበረ ይላል። ፍኖተ ሰላም ላይ ኳስ የሚያይ ወጣት «ሁለት ለባዶ» ሲል የተሸነፈውን ቡድን ባዶ እጁን ይሰደዋል፤ ስልኩን ሲሰጥ ግን «ዜሮ ዘጠኝ መቶ አሥራ ስምንት» ነው እንጂ «ባዶ ዘጠኝ» ያለ ሰው አልሰማሁም። ምልክቱ አንድ፣ ስሜቱ ሁለት። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላም ራሷ እንኳ ዛሬ የምትጠራው በግእዝ ስም ነው፤ ግእዝ እዚህ ከሰሌዳ ላይ አልወረደም፣ ከሒሳብ ክፍል ግን ገብቶ አያውቅም።

እዚያ ክፍል ውስጥ ዜሮ ፍርድ ብቻ ሆኗል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ያለፉት 3.3 በመቶ መሆናቸው፣ ከሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ አለማሳለፋቸው ሲነገር አገሩ «ዜሮ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ነበር ያነሳው። ልጁ ዜሮን መጀመሪያ የሚያውቀው በቀይ እስክሪብቶ ከሆነ፣ መሥሪያ መሆኑን ማን ይነግረዋል? በጥግ ያለው ደብር ቄስ በቀሪ የሚያሰላው ስሌት፣ በዘመናዊው ሒሳብ የሚታወቀው የቀሪ አርቲሜቲክ ነው፤ ወረቀትና እርሳስ እንጂ ሌላ አይፈልግም። የሒሳብ መምህራን ከየአካባቢያቸው መሪጌቶች ጋር ተቀምጠው አንድ ክፍለ ጊዜ ቢያዘጋጁለት አይከብድም። ወንበሩ ዳግም አልቦ የሚሆነው በ2025 ዓ.ም. ነው።