«ቀረጻ» ስንት ሥራ ይሸከማል?
በኮምፒዩተር ለሚከናወን ቅርጻ ቅርጽና ቅብ በቀረቡ ስያሜዎች ላይ የተሰጠ ሂስ

በኮምፒዩተር የሚሠራ ቅርጻ ቅርጽን ለሚያስተምር አንድ ማሠልጠኛ የተዘጋጀ የቃላት ዝርዝር በቅርቡ ለአስተያየት ደርሶኝ ነበር። ዝርዝሩ ገና አልታተመም፤ አዘጋጆቹም በቅንነት የደከሙበት መሆኑ ከየገጹ ይታያል። ስለዚህ ስማቸውን ሳላነሣ ሥራውን ብቻ እመረምራለሁ። የተሳሳተ ስያሜ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ሲተኛ ጉዳቱ ዘግይቶ ይታወቃል፤ ወደ እጅ ሥራ ትምህርት ሲገባ ግን ተማሪው በዚያው ቀን ሥራውን ያበላሽበታል።

በመጀመሪያ የሥራውን ባሕርይ ባጭሩ ማስረዳት ይገባል። ሠዓሊው በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ አንድ ድቡልቡል አካል ያቀርባል። አካሉ ውስጡ ባዶ ነው። ገጹን የሚሸፍኑት በአብዛኛው ጎነ አራት የሆኑ ጥቃቅን ንጣፎች ሲሆኑ፣ ንጣፎቹ የሚገናኙባቸው ነጥቦች የሚገኙበት ስፍራ በቁጥር ተመዝግቧል። ሠዓሊው በብዕር መሰል መሣሪያ ገጹን ሲነካ ነጥቦቹ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ፤ ቅርጹም በዚህ ይገኛል። ሁለተኛው ሥራ ቀለምን በቀጥታ በዚያው አካል ላይ መቀባት ነው። በ1999 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ለሕዝብ የታየው ዚብረሽ የተባለው ፕሮግራም፣ በ2007 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ቀለሙ በራሳቸው በነጥቦቹ ላይ እንዲያርፍ አድርጓል። የማንሣትና የቀለም ቁልፎች አብረው ከተከፈቱ አንዲት የብሩሽ ጭረት ገጹን ታነሣለች፤ ያነሣችውንም ትቀባለች።

ዝርዝሩ ለመጀመሪያው ሥራ የሰጠው ስያሜ «ዲጂታል ቀረጻ» ነው። ቃሉ በራሱ ባዕድ አይደለም፤ እንጨት ይቀረጻል፤ ቅርጻ ቅርጽ የሚለውም ስም ከዚሁ ግስ የወጣ ነው። ችግሩ «ቀረጸ» ባለፉት ዐሥርት ዓመታት የተጫነበት ሸክም ነው። መቅረጸ ድምፅ ብለን ድምፅን አስቀረጽነው። ቀጥሎ የፊልም ቀረጻ መጣ። ፖሊሲና ሥርዐተ ትምህርትም ይቀረጻሉ። የኮምፒዩተር ተርጓሚዎች ደግሞ «ቅርጸት» የሚለውን ፋይል ለሚቀመጥበት ሥርዐት ሰጡት። የእርሳስ መቅረጫውንም አንርሳ።

የዐውዱ ፍቺ ያድነናል የሚል ሊኖር ይችላል። ስለ ሐውልት በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ አዎን ያድነናል። ነገር ግን ይህ ሙያ በአብዛኛው የሚያገለግለው ፊልምንና የኮምፒዩተር ጨዋታን ነው። በአንድ የሥራ መርሐ ግብር ላይ «ሰኞ ቀረጻ፣ ማክሰኞ ቀረጻ» ተብሎ ቢጻፍ ካሜራ ያዡም ቅርጽ አውጪውም በአንድ ሰዓት ይመጣሉ። ዐውዱ አንድ በሆነበት ስፍራ ዐውድ ምንም ሊለይ አይችልም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ «ቀረጸ» የሚሰጠው የመቀነስ ሐሳብ ነው። መቅረጽ፣ መጥረብና መፈልፈል ሁሉም ያለውን እያነሱ ቅርጹን ማውጣት ናቸው። በኮምፒዩተሩ ግን ሠዓሊው እንደ ፈቃዱ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ይስባል። በ1912 በአማርና የተገኘውና ዛሬ በበርሊን ያለው የንግሥት ነፈርቲቲ ምስል ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ውስጡ የኖራ ድንጋይ ነው፤ በድንጋዩ ላይ የጀሶ ልስን ተደርቧል፤ በልስኑ ላይ ቀለም ተቀብቷል። ይህንን ባማርኛ ስንናገር ጠረበ፣ ለሰነ፣ ቀባ እንላለን እንጂ ሦስቱን በአንድ «ቀረጸ» አንጠቀልላቸውም። አንዳንዶች ከግዕዝ «ገለፈ» የሚለውን እናምጣ ይላሉ፤ ግልፎ ግን ጣዖትን ያስታውሳል፤ መቀነስንም አይለቅም። እኔ የምደግፈው «ቅርጽ ማስያዝ» የሚለውን ነው። ርዝመቱ አይማርክም፤ ሆኖም ሊጡም፣ ጭቃውም፣ ጠጉሩም ቅርጽ ይይዛሉና መጨመርንም መቀነስንም እኩል ይቀበላል። ቅርጻ ቅርጽ የሚለው ስም ለተጠናቀቀው ሥራ ይቆይ።

የብሩሾቹ ስም ይበልጥ ያሳዝናል። ዝርዝሩ «የመቆንጠጥ ቀረጻ»፣ «የመንፋት ቀረጻ»፣ «የማለስለስ ቀረጻ» እያለ ይቀጥላል። ጭራው ምን ይጨምራል? ማንም ሸክላ ሠሪ ጭቃ ማድቦልቦልን፣ መጠፍጠፍን፣ መቆንጠጥን፣ ማጎድጎድን፣ ማለስለስን ለይታ ታውቃለች፤ ከእነዚህ አንዱንም «የጭቃ ቀረጻ» ብላ አትጠራም። ግሱ ብቻውን በቂ ነው፦ ቆንጣጭ ብሩሽ፣ ነፊ ብሩሽ፣ አለስላሽ ብሩሽ። በአንጻሩ ብሩሹ እንዳይነካው የሚፈለገውን ክፍል ስለ መጠበቅ ዝርዝሩ «መከለል» ማለቱ የሚመሰገን ነው፤ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከፋው ስሕተት እንምጣ። «ፖሊፔይንት» የሚለው ስያሜ «ባለ ብዙ ቀለም ቅብ» ተብሎ ተፈትቷል። ተርጓሚው «ፖሊ» ብዙ ማለት መሆኑን ከትምህርት ቤት ያስታውሳል። እዚህ ግን ቃሉ የብዙ ቀለም ሳይሆን የ«ፖሊጎን»፣ ማለትም በሒሳብ መጻሕፍታችን ጎነ ብዙ የተባለው፣ ምሕጻር ነው። አንድ ቀለም ብቻ የተቀባም አካል በዚሁ ስም ይጠራል።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ቀለሙ የሚቀመጠው በነጥቦቹ ስለ ሆነ ነጥቦቹ ባነሱ መጠን ሥዕሉ ይደበዝዛል። ስምንት ማዕዘን ነጥቦች ብቻ ያሏት ኩብ ስምንት ቀለም ትይዛለች፤ በመካከል የሚታየው ሁሉ የእነዚያ ቅልቅል ነው። ካትመልና ክላርክ በ1978 ባቀረቡት ዘዴ ንጣፎቹ ሲከፋፈሉ ከመጀመሪያው እርምጃ በኋላ በየደረጃው በአራት እጥፍ ያድጋሉ፤ የኩቧ 6 ንጣፎች ከስምንት እርምጃ በኋላ 393,216፣ ከዐሥር በኋላ 6,291,456 ይሆናሉ። በየጎኑ 4,096 ነቁጥ ያለው አንድ ሥዕል ደግሞ 16,777,216 ነቁጦች አሉት፤ ያንን ያህል ዝርዝር በቀጥታ ቅብ ለማግኘት የዚያን ያህል ነጥብ ያስፈልጋል። ይህንን የተረዳ ተማሪ የዐይን ሽፋሽፍት ከመቀባቱ በፊት ንጣፎቹን ይከፋፍላል። «ባለ ብዙ ቀለም» የተባለ ተማሪ ግን ቀለም ሲያበዛ ይውላል፤ መስመሩ ሲደበዝዝበትም በእጁ ያሳብባል። «የነጥብ ቅብ» ቢባል ስሙ ራሱ ያስተምረው ነበር።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው የቆየው ዘዴ፣ ኤድዊን ካትመል በ1974 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የገለጸው፣ ለብቻው የተዘጋጀን ሥዕል በአካሉ ገጽ ላይ ማልበስ ነው። ዝርዝሩ ይህን «የሸካራነት ካርታ» ይለዋል። የሕፃን ጉንጭ የሚያህል ለስላሳ ነገር ላይ የሚለበስ ሥዕል ስለ ምን ሸካራ ይባላል? በቀጥታ ከቁሳችን ብንነሣ ልዩነቱ ቀድሞም የታወቀ ነው። በጎንደርና በጣና አካባቢ ባሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ በላሊበላ ቤተ ማርያም ደግሞ ከአለቱ የወጣው ጌጥ ራሱ ተቀብቷል። የመጀመሪያው ልባስ ነው፤ ሁለተኛው ቅብ። ስለዚህ «ልባስ ሥዕል» የሚለውን አቀርባለሁ። «ልጥፍ» ይበልጥ ይቀርብ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉን ዛሬ የማኅበራዊ መገናኛ ተጠቃሚዎች ወስደውታል።

ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው አይሄድም። ጨርቁ ከግድግዳው ቢላቀቅ ሥዕሉ ይተርፋል፤ የነጥብ ቅብ ግን ነጥቦቹ ሲጠፉ አብሮ ይጠፋል። ሠዓሊዎች ሥራቸውን ቀለል ወዳለ አካል ከማሳለፋቸው በፊት የነጥቡን ቀለም ወደ ልባስ የሚያዛውሩት ስለዚህ ነው። ዝርዝሩ ይህን ተግባር «መጋገር» ብሎታል፤ የእንግሊዝኛው ቃል ጥሬ ትርጉም መሆኑ ነው። ቅርጽ የያዘ ጭቃ ባማርኛ ይተኮሳል እንጂ አይጋገርም፤ ተማሪውም ከሁለቱ የትኛውን ቢያስብ የሚሆነውን ነገር አያገኝም። «ቀለም ማዛወር» ይበቃል።

ሳልወስን የቀረሁት አንዲቱን ጭረት በሚመለከት ነው። ሃንራሃንና ሄበርሊ በ1990 በሦስት ልኬት ባለው አካል ላይ በቀጥታ መቀባትን ሲያቀርቡ፣ ብሩሹ ከቀለም ሌላ የገጹን ውጣ ውረድ ጭምር እንዲለውጥ አስበው ነበር። የምታነሣውና የምትቀባው ጭረት አንድ ድርጊት ከሆነች አንድ ግስ ይገባታል። «ቅርጽ ማስያዝና መቀባት» ብሎ መዘርዘር ሁለት ጊዜ የተደረገ ያስመስለዋል። «ቅብ ቅርጽ» የሚል ጥምረት ሞክሬ ነበር፤ ውጤቱን ይሰይማል፤ ድርጊቱን ግን አይሰይምም። ሌሎች ባለሙያዎች የተሻለ ካላቸው ያቅርቡት። እስከዚያው አዘጋጆቹ የ«ፖሊፔይንት»ን መፍቻ፣ ሌላውን ሁሉ ባይቀበሉኝ እንኳ፣ ዝርዝሩ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት እንዲያነሡት እጠይቃለሁ።