«ናሙና» እና «ማንበብ»፦ ስለ ሲዲ ማጫወቻ ቃላት አጭር ሂስ

የሲዲ ማጫወቻን አሠራር በአማርኛ ለማስረዳት ስንነሣ ሁለት ቃላት ቀድመው ይመጣሉ፤ «ናሙና» እና «ማንበብ»። ሁለቱም በሕዝብ አፍ የሚገኙ ስለሆኑ በአዲስ ፈጠራ ይተኩ አንልም። የምንነቅፈው በዚህ ሙያ ያለ ብያኔ መግባታቸውን ነው። የመጀመሪያውን ለመመርመር ከጅማና በዙሪያዋ ካሉት የቡና ከተሞች የተሻለ ቦታ አናገኝም።

በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት የቡና ንግድ፣ ናሙና ማለት ከጭነቱ ተዘግኖ ለምርመራ የሚቀርብ ጥቂት ፍሬ ነው። ይቆላል፣ ይፈላል፣ ይቀመሳል፤ በእርሱም የጭነቱ ደረጃ ይወሰናል። ናሙናው ስለ ጭነቱ ይመሰክራል እንጂ ጭነቱን አይተካም።

በሲዲ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ በቀረበው በዚህ ሥርዓት የድምፁ ሞገድ ለእያንዳንዱ ቻናል በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልክ በ16 ቢት ይመዘገባል። ከእነዚህ ልኮች በቀር በዲስኩ ላይ የተቀመጠ ሌላ ድምፅ የለም። ሆኖም ከ22,050 ሄርትዝ በታች ያለው ሞገድ በመርሕ ደረጃ ከልኮቹ ተመልሶ ይገነባል። የቡናውን ትርጉም በልቡ የያዘ ተማሪ ግን «ናሙና» ሲባል አብዛኛው ድምፅ የተጣለ ይመስለዋል። ስለዚህ ቃሉ በዚህ ሙያ «በእኩል የጊዜ ርቀት የተወሰደ የሞገድ ልክ» ተብሎ ሊበየን፣ ከቡናው ፍቺም በተለየ ቊጥር ሊሰፍር ይገባል።

ሁለተኛው ቃል የባሰ ግራ ያጋባል። «ሲዲው አያነብም» ሲባል ማጫወቻው ከዲስኩ የሚመለሰውን የሌዘር ጨረር መቀበል አልቻለም ማለት ነው። ይህ ትክክለኛ አነጋገር ነው። ነገር ግን ከድምፁ ጎን ጽሑፍም ይጓዛል። በእያንዳንዱ «ፍሬም» ውስጥ 24 ባይት ለድምፅ፣ 8 ባይት ለስሕተት ማረሚያ፣ 1 ባይት ለንዑስ ኮድ ይመደባል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሲዲ-ቴክስት የዘፈኑንና የዘፋኙን ስም የሚያስቀምጠው በዚሁ ንዑስ ኮድ ነው። ማጫወቻው ከዲስኩ የሚያገኘው ቊጥር ነው፤ ቊጥሩን ወደ ፊደል የሚመልሰው የኮድ ሰንጠረዥ ነው። ደረጃው ለላቲንና ለጃፓንኛ ሰንጠረዥ ሲመድብ ለግዕዝ ፊደል አልመደበም። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባውም ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

የዚህ ውጤት በጅማ ጎን ለጎን በሚነገሩት ሁለት ቋንቋዎች ላይ ጎልቶ ይታያል። የአፋን ኦሮሞ ዘፈን ርእስ በቁቤ ስለሚጻፍ በማጫወቻው መስኮት እንዳለ ሊነበብ ይችላል፤ የአማርኛው ግን በላቲን ፊደል ካልተገለበጠ አይታይም። እዚህ ላይ «ማጫወቻው አማርኛ አያነብም» ብንል ጥፋቱን በፊደላችን ወይም በመሣሪያው ዐይን ላይ እንጥላለን። ዐይኑ ግን ጤነኛ ነው፤ የአማርኛውንም ድምፅ ከኦሮምኛው ሳይለይ ያሰማል። የጎደለው ሰንጠረዡ ነው፤ እርሱም የደረጃ አውጪዎች ምርጫ ነው።

በመሆኑም «ማንበብ» ምልክቱን ከዲስኩ ለመቀበል ብቻ ይዋል፤ ምልክቱን ወደ ድምፅ ወይም ወደ ፊደል መመለስ «መፍታት» ይባል ዘንድ እናሳስባለን። ያን ጊዜ «ያነባል፤ ግዕዝን ግን አይፈታም» ብለን እውነቱን በአራት ቃላት መናገር እንችላለን።